የተራቡ ተማሪዎች አባት ወንድም ዋልፍሪድ (1840–1915)

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሰማዕታትና የሊቃውንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ስማቸው በቅዱሳን መዝገብ ሳይጻፍ፣ በተላኩበት ስፍራ ያገኙትን የድኾች ችግር አይተው ማለፍ ተስኗቸው፣ በእጃቸው በነበረው ነገር ሁሉ ሕዝበ እግዚአብሔርን ያገለገሉ ብዙዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በስኮትላንድ አገር፣ በግላስጎ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት የማሪስት ማኅበር አባል ወንድም ዋልፍሪድ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚታወቀው ሴልቲክ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ዋና መሥራች እርሳቸው ሲሆኑ፣ ክለቡንም ያቋቋሙት ዋንጫ ለመሰብሰብ ሳይሆን ለተራቡ ተማሪዎች ምሳ ለማግኘት ነበር።

በየቁምስናችን ወጣቶች ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ ስናይ፣ አንዳንዶቻችን ጊዜ ማባከኛ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ልጆቹን ከመጥፎ ስፍራ ካራቀልን ይበቃናል እንላለን። የወንድም ዋልፍሪድ ሕይወት ለሁለቱም ወገን የሚያስተምረው ነገር ስላለው፣ በዚህ እትም ታሪካቸውን ባጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የረኃብ ዘመን ልጅ

የወንድም ዋልፍሪድ የቀድሞ ስም አንድሩ ኬሪንስ ነው። በምዕራብ አየርላንድ፣ በስላይጎ አውራጃ፣ ባሊሞት በምትባል መንደር አካባቢ ሜይ 18 ቀን 1840 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1845፣ ድንች የሚያበሰብስ በሽታ ወደ አገሩ ገባ። የአየርላንድ ድኻ ገበሬ ኑሮው በድንች ላይ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ፣ ሰብሉ በተደጋጋሚ ሲጠፋ የሚበላው ሌላ ነገር አልነበረውም። እስከ 1852 ገደማ በዘለቀው ረኃብና ረኃቡ ባስከተለው ወረርሽኝ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት በመርከብ እየተጫነ ከአገሩ ይወጣ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ክፉ ቀን ምን እንደሚመስል ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ከመካከላችንም በዓይኑ ያየው አለ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዘመን ያደገ ሕፃን በልቡ ምን ይዞ እንደሚቀር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። አንድሩ ኬሪንስ ከእልቂቱ ተርፈው በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ባሕር ተሻግረው ግላስጎ ገቡ። በዚያም እንደ ብዙዎቹ የአገራቸው ልጆች በባቡር ሐዲድ ሥራ ተቀጠሩ።

በ1864 የማሪስት ወንድሞች ማኅበርን ተቀላቀሉ። ይህ ማኅበር በ1817 በፈረንሳይ አገር የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቹ አባ ማርሴሊን ሻምፓኛ በ1999 በቅድስና ማዕርግ ተሰይመዋል። የማኅበሩ አባላት ካህናት ሳይሆኑ በድኽነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት የሚኖሩ፣ ተቀዳሚ ሥራቸውም ማስተማር የሆነ ገዳማውያን ናቸው። አንድሩ ኬሪንስ በሰሜን ፈረንሳይ በሚገኘው በማኅበሩ ቤት በቦካም የምንኩስና ሥልጠናቸውን ተቀብለው ዋልፍሪድ የሚለውን ስም ከያዙ በኋላ፣ በመምህርነት ወደ ግላስጎ ተመለሱ። በመጀመሪያ በቅድስት ማርያም ቁምስና ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1874 ደግሞ ብሪጅተን በሚባለው ሰፈር የቅዱስ ልብ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ።

የአንድ ሳንቲም ምሳ

የግላስጎ ምሥራቃዊ ክፍል በዚያን ዘመን የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች፣ የብረት ማቅለጫዎችና የጭስ ማውጫዎች ሰፈር ነበር። ሥራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ አንድ ቤተሰብ በአንድ ክፍል እየተጨናነቀ ይኖር ነበር። ከአየርላንድ የመጡት ካቶሊካውያን በአብዛኛው ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው የመጡ ስለ ሆኑ፣ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ሥራ የቆመ ዕለት ለልጆች የሚቀመስ አይገኝም።

በ1872 የወጣው የስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ አስገደደ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ግን ሃይማኖታዊ ትምህርታቸውን ላለማጣት ከአዲሱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ውጭ ቀሩ፤ በዚህም ምክንያት ከአካባቢው ግብር የሚገኘው ገንዘብ አልደረሳቸውም። መንግሥት የሚሰጣቸው ድጎማ ደግሞ የሚለካው ተማሪዎቹ በክፍል በመገኘታቸውና ፈተና በማለፋቸው ነበር። እንግዲህ የተራበ ሕፃን በሁለት ወገን ይጎዳ ነበር ማለት ነው። እርሱ ትምህርቱ ይቀርበታል፤ ትምህርት ቤቱም ድጎማውን ያጣል።

ወንድም ዋልፍሪድ ይህን ችግር በየማለዳው በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ያዩት ነበር። በ1884 ዓ.ም. ገደማ የድኾች ሕፃናት ማዕድ የተባለውን ሥራ በቅዱስ ልብ ትምህርት ቤት ጀመሩ። በቅድስት ማርያም ቁምስና ደግሞ የማኅበራቸው ወንድም ዶሮቴዎስ ተመሳሳዩን ሥራ አንቀሳቀሱ። አንድ ልጅ አንድ ፔኒ፣ ይኸውም የእንግሊዝ ትንሽ ሳንቲም፣ ከፍሎ ትኩስ ሾርባና ዳቦ ይበላል፤ ምንም የሌለው ደግሞ በነፃ ይበላል። ክፍያው የምግቡን ዋጋ የሚሸፍን አልነበረም። ሆኖም መክፈል የቻለው ወላጅ ልጁን ያበላው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ እንዲሰማው ያደርግ ነበር። ድኻውን ሳያዋርዱ መርዳት ምን ያህል ማስተዋል እንደሚጠይቅ በልግስና ሥራ የተሰማሩ ሁሉ ያውቁታል።

በዚህ ሥራ ዋና ረዳት የሆናቸው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ነበር። ይህ የምእመናን ማኅበር በ1833 በፓሪስ በፍሬዴሪክ ኦዛናምና በባልንጀሮቹ የተመሠረተ ነው። የቅዱሱን ስም እኛም በአገራችን በሐዋርያው በቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በኩል እናውቀዋለን፤ እርሳቸው ቅዱስ ቪንሰንት የመሠረተው የካህናት ማኅበር አባል ነበሩና።

ከምሳው በስተጀርባ ሌላም ሥጋት እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። በከተማው ነፃ ሾርባ የሚያድሉ የፕሮቴስታንት ማኅበራት ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በሾርባው ምክንያት ሕፃናቱን ከእምነታቸው ያስወጡብናል የሚል ፍርሃት በካቶሊካውያኑ ዘንድ ነበር። ወንድም ዋልፍሪድ ለዚህ ሥጋት የሰጡት መልስ ወላጆችን መገሠጽ ሳይሆን ማዕዱን ማዘጋጀት ነበር። ለልጁ የሚያበላው ያጣ አባት ተግሣጽ እንደማይጠቅመው ከራሳቸው የልጅነት ሕይወት ያውቁ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ሥራው በሰፋ መጠን ወጪውም በዛ። የምእመናኑ መዋጮ ከድኻ ተሰብስቦ ለድኻ የሚሰጥ ስለ ነበረ ወሰን ነበረው። በዚህ ጊዜ ወንድም ዋልፍሪድ ዓይናቸውን ወደ እግር ኳስ አቀኑ። ጨዋታው በስኮትላንድ ሠራተኞች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋበት ዘመን ነበር። ሠራተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከፋብሪካ ሲወጣ በጥቂት ሳንቲም ጨዋታ ለማየት ይሰለፍ ነበር።

አርአያ የሚሆናቸውም በቅርብ ነበር። በኤድንበርግ ከተማ በቅዱስ ፓትሪክ ቁምስና አባ ኤድዋርድ ሃነን በ1875 ሂበርኒያን የተባለውን ቡድን ከወጣቶቻቸው ማኅበር አቋቁመው ነበር። ይህ ቡድን ለበጎ አድራጎት በመጫወት የታወቀ ሲሆን፣ በ1887 መጀመሪያ የስኮትላንድን ዋንጫ አገኘ። የግላስጎ አየርላንዳውያን ድሉን ከራሳቸው እንደ አንዱ ቆጥረው በቅድስት ማርያም አዳራሽ አሸናፊዎቹን በግብዣ ተቀበሉ፤ እንግዶቹም የግላስጎ ሰዎች የራሳቸውን ቡድን እንዲያቋቁሙ አደፋፈሯቸው። በዚያው ዓመት ሂበርኒያንና ሬንተን የተባለው ቡድን በምሥራቅ ግላስጎ ለድኾች ሕፃናት ማዕድ ገቢ ማስገኛ ሲጋጠሙ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። ወንድም ዋልፍሪድም ከዚህ የተረዱት፣ በየጊዜው ከሌላ ቦታ ቡድን እየለመኑ ከማምጣት የራሳቸው ቢኖራቸው ማዕዱ ዓመቱን ሙሉ ሊዘረጋ እንደሚችል ነበር።

ኖቬምበር 6 ቀን 1887 ዓ.ም. በቅድስት ማርያም ቁምስና አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ ክለቡ ተመሠረተ። አንዳንዶች የኤድንበርጉን ስም መድገም ቢፈልጉም፣ ወንድም ዋልፍሪድ ሴልቲክ የሚለውን ስም መረጡ። ሴልት ማለት የአየርላንድም የስኮትላንድም ሕዝብ የጥንት ዘር መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ስሙ ስደተኛውንና ባለ አገሩን አንድ ላይ የሚይዝ ነበር። ሂበርኒያን በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር አባላትን ብቻ ሲያሰልፍ፣ ሴልቲክ ግን ተጫዋቾችን በእምነታቸው አልለየም።

በተከታዩ ጃንዋሪ የወጣው የመዋጮ መጠየቂያ ደብዳቤ የክለቡን ዓላማ በግልጽ አስቀመጠ። ዓላማውም በቅድስት ማርያም፣ በቅዱስ ልብና በቅዱስ ሚካኤል ቁምስናዎች ለሚገኙት የተቸገሩ ሕፃናት ማዕድ የሚሆን ገንዘብ ማግኘት ነው። ከመዋጮ ሰጪዎቹ መዝገብ ራስ ላይ የግላስጎው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ቻርልስ አየር ስም ይገኛል።

የሜዳው ሥራና የመጀመሪያው ጨዋታ

ስብሰባው ከተፈጸመ በኋላ በሳምንት ውስጥ በፓርክሄድ ሰፈር ባዶ መሬት በኪራይ ተያዘ። የቁምስናዎቹ ምእመናን ከቀን ሥራቸው ሲመለሱ አካፋና ዶማ እየያዙ መሬቱን ደለደሉ፤ አጥሩንና የተመልካቹን መቀመጫ ያለ ክፍያ ሠሩ። የገዛ ልጆቹ ምሳ ከሜዳው እንደሚመጣ የሚያውቅ ሠራተኛ ሜዳውን እንደ ቤቱ ቢሠራው አያስደንቅም።

ወንድም ዋልፍሪድ ተጫዋቾችን የሚፈልጉት በእግራቸው እየዞሩ ነበር። በዲሴምበር 1887 ጆን ግላስ የተባሉትን በግንባታ ሥራ የታወቁ የኮሚቴ አባልና ሌላ ባልንጀራቸውን ይዘው፣ ቶም ሜሊ የሚባለውን መምህር ለመጠየቅ ከከተማው ደቡብ ወደ ካትካርት ሄዱ። ቶም ግን ከቤት አልነበረም። እንግዶቹን የተቀበለው ታናሽ ወንድሙ ዊሊ ነበርና፣ ወንድም ዋልፍሪድ እርሱንም ከወንድምህ ጋር ና ብለው ጋበዙት። ዊሊ ሜሊ ከተጫዋችነት አልፎ በ1897 የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እስከ 1940 ድረስም ለ43 ዓመታት መራው። በዚያች ምሽት በዋናው እንግዳ አለመኖር ቅር ብሏቸው ቢመለሱ ኖሮ ይህ ሁሉ አገልግሎት በቀረ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ሜይ 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። 2,000 ያህል ሰው በተገኘበት ሴልቲክ ሬንጀርስን 5 ለ 2 አሸነፈ። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ቡድኑ እስከ ስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ፣ በፌብሩዋሪ 1889 በሰርድ ላናርክ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ግን ከገቢው ከ400 ፓውንድ በላይ ለበጎ አድራጎት አበረከተ። ከዚህም ትልቁ ድርሻ የሕፃናቱ ማዕድ ነበረ፤ የተረፈው ለቅዱስ ቪንሰንት ማኅበርና አረጋውያንን ለሚጦሩ ደናግል ደረሰ። የሠራተኛው ደመወዝ በሳምንት ከአንድ ፓውንድ ብዙም በማያልፍበት ዘመን ይህ ከፍተኛ ገንዘብ ነበር።

ድሉ ያመጣው ፈተና

የመልካም ሰዎችን ሥራ ስንተርክ ጥላውን ትተን ብርሃኑን ብቻ ብናሳይ አንባብያንን አንጠቅምም። ሴልቲክ በ1888 በጋ ከተጠናከረባቸው መንገዶች አንዱ የሂበርኒያንን ምርጥ ተጫዋቾች መውሰድ ነበር። በግብዣ አዳራሽ ተቀምጦ የራሳችሁን ቡድን መሥርቱ ብሎ የመከረው ታላቅ ወንድም ተጫዋቾቹን አጥቶ ተዳከመ፤ በ1891ም ለጊዜው ከጨዋታ ወጥቶ እንደ ገና ለመቋቋም ተገደደ። ለግላስጎ ድኾች የተደረገው ልግስና በኤድንበርግ ድኾች ቁምስና ላይ ጉዳት አደረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከራሱ ከሜዳው መጣ። የክለቡ ገቢ ሲያድግ ያዩት የመሬቱ ባለቤት የዓመቱን ኪራይ ከ50 ፓውንድ ወደ 450 ፓውንድ ከፍ አደረጉ። ኮሚቴው ይህን ባለመቀበሉ በአጠገቡ የነበረ የጡብ ጭቃ የሚቆፈርበት፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ተከራይቶ በብዙ ሺህ ጋሪ አፈር አስሞላ። በ1892 ወደዚህ አዲስ ሜዳ ተዛወሩ፤ ክለቡ እስከ ዛሬ የሚጫወተውም በዚያው ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ሴልቲክ ኩዊንስ ፓርክን 5 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያውን የስኮትላንድ ዋንጫ ወሰደ።

ሆኖም ሜዳ ዕዳ ያመጣል፤ ጥሩ ተጫዋችም ደመወዝ ይጠይቃል። በ1893 በስኮትላንድ ተጫዋችን በደመወዝ ማሰለፍ በሕግ ሲፈቀድ ወጪው የባሰ ጨመረ። በኮሚቴው ውስጥ ገንዘቡ አስቀድሞ ለማዕዱ ይሁን በሚሉትና አስቀድሞ ክለቡ ይጠንክር በሚሉት መካከል ክርክር ተነሣ።

በዚህ ወሳኝ ሰዓት፣ በ1892፣ የማሪስት ማኅበር አለቆች ወንድም ዋልፍሪድን ወደ ለንደን አዛወሯቸው። መነኩሴ የታዛዥነት ቃል ኪዳን ስላለበት ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ። ከእርሳቸው መሄድ በኋላ ለሕፃናቱ ማዕድ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። በ1897 ክለቡ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፤ ትርፉም ለባለ አክሲዮኖች የሚከፋፈል ሆነ። በ1888ቱ ደብዳቤ ላይ እንደ ዋና ዓላማ የተጻፈው የድኾች ልጆች ምሳ በአዲሱ ኩባንያ ላይ ግዴታ ሆኖ አልተጣለም።

የመጨረሻ ዓመታት

ወንድም ዋልፍሪድ በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከግላስጎው ባልተሻለ የድኾች ሰፈር ማስተማር ቀጠሉ። ክለብ አልመሠረቱም፤ ዋንጫም አልፈለጉም። በቤትናል ግሪንና በቦው ሰፈሮች በባዶ እግራቸው የሚሮጡትን ሕፃናት ሰብስበው ያጫውቱ ነበር። የክለቡ ሥራ ከእጃቸው ቢወጣም የሕፃናቱ ጉዳይ ከልባቸው አለመውጣቱን ከዚህ እንረዳለን። በ1911 የሴልቲክ ቡድን ከአውሮፓ ጉዞ ሲመለስ በለንደን ተገናኝተው ከቀድሞ ወዳጆቻቸው ጋር ተጨዋወቱ። በፍቅር ተቀበሏቸው፤ መርቀውም ሸኟቸው።

ጤንነታቸው እየደከመ በመሄዱ በስኮትላንድ ደቡብ ዳምፍሪስ በሚገኘው የማኅበራቸው ቤት ዐረፍ አሉ፤ በዚያም ኤፕሪል 17 ቀን 1915 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የተቀበሩትም በዚያው በማኅበሩ መቃብር ነው።

ክለቡ በ1967 በሊዝበን የአውሮፓን ሻምፒዮኖች ዋንጫ ከብሪታንያ ቡድኖች ሁሉ ቀድሞ ሲያገኝ፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ በግላስጎና በአካባቢዋ የተወለዱ፣ ብዙዎቹም የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በ1995 ክለቡ የመሥራቹን ዓላማ በማስታወስ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ይህም ሥራ በእግር ኳስ አማካይነት ለችግረኛ ወጣቶችና ቤተሰቦች ርዳታ በመስጠት ቀጥሏል። በ2005 ደግሞ የወንድም ዋልፍሪድ ሐውልት በስታዲየሙ ፊት ለፊት ቆመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ክለቡ የተነሣበትን ለማስታወስ የተገደደው፣ ያ መነሻ ከሕዝቡ ልብ ፈጽሞ ባለመጥፋቱ ነው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

በየቁምስናው ለምታስተምሩ ካቴኪስቶችና ለወጣቶች መሪዎች ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ለይተን ለማመልከት እንወዳለን።

አንደኛ፣ ወንድም ዋልፍሪድ ከኳስ አልተነሡም፤ ከሕፃኑ ረኃብ ተነሡ። ብዙ ጊዜ እኛ መለያ ልብስና ዋንጫ ገዝተን ስናበቃ ቡድኑ ለማን እንደሚጠቅም ቆይተን እንጠይቃለን። ከትምህርት የቀረው ልጅ ማን ነው? ምሳ የማይበላው ማን ነው? ጫማ ስለሌለው ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚያየው ማን ነው? ስሙን የምናውቀው ልጅ ከሌለ ቡድናችን ገና ዓላማ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ኳስ ለእርሳቸው ማጥመጃ አልነበረም። የተጫዋቹን እምነት ሳይጠይቁ ያሰለፉ፣ ከፋዩን ከማይከፍለው ሳይለዩ በአንድ ማዕድ ያበሉ ናቸው። ሕፃን የተወደደው ለራሱ መሆኑን ወይም ለሌላ ጉዳይ መሆኑን ፈጥኖ ያውቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። የማዕዱ ዋስትና ወንድም ዋልፍሪድ ራሳቸው ነበሩ፤ በሕገ ደንብ አልታሰረም ነበርና እርሳቸው ሲሄዱ ተከትሏቸው ሄደ። በእኛም ቁምስናዎች ቆሞሱ ወይም ካቴኪስቱ ሲዛወር የሚፈርስ መልካም ሥራ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሥራው ገና ትንሽ ሳለ፣ ከገቢው ምን ያህሉ ለድኾች እንደሚውል በጽሑፍ ይወሰን፤ ሒሳቡ በምእመናን ፊት በየጊዜው ይነበብ፤ ኃላፊነቱም ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በብዙዎች እጅ ይሁን። ያ ክርክር በግላስጎ የተነሣው ገንዘቡ ከበዛ በኋላ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የድኾቹን ወገን የሚይዙት ቁጥራቸው አንሶ ነበር።

ወንድም ዋልፍሪድ የጀመሩት ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ሌላ መንገድ ሲሄድ አይተዋል። ይሁን እንጂ ተቆጥተው አልተቀመጡም፤ በተላኩበት አዲስ ሰፈር ሌሎች ባዶ እግር ሕፃናትን አገኙና ከእነርሱ ጋር እንደ ገና ጀመሩ። በየቁምስናችን ደክመን የጀመርነው ሥራ እንዳሰብነው ባይሄድልን፣ እግዚአብሔር ይህንኑ ትዕግሥትና ይህንኑ የድኾች ፍቅር ለሁላችን ያድለን።